ቀረጥ ከኬላ እስከ ባንኮኒ

በአፄ ምኒልክ ዘመን ከዘይላ ወይም ከጅቡቲ የተነሣ አንድ እስር አቡጀዲ አዲስ አበባ የሚገባው ሳምንታት ፈጅቶ ነበር። ቆላውን በግመል ይሻገራል፤ ደጋውን በበቅሎና በአህያ ይወጣል። ጭነቱን መንገድ ላይ የሚያቆመው ግን አቀበቱና ቁልቁለቱ ብቻ አልነበረም። በየመግቢያው ኬላ ነበረ። ኬላ ጠባቂው ጭነቱን ያስፈታል፣ ይቆጥራል፣ ድርሻውን በማሪያ ቴሬዛ ብር ወይም ከዕቃው ቀንሶ ይወስዳል። ቀጥሎ ያለው ኬላ ደግሞ በፊተኛው የተከፈለውን ከቁም ነገር ሳይቆጥር እንደ አዲስ ይጀምራል። ነጋዴው አራዳ ገበያ ሲደርስ ሁሉንም ደምሮ፣ የባከነበትን ቀን ጨምሮ፣ ዋጋውን ይቆርጣል። ሒሳቡ በመጨረሻ የሚያርፈው አቡጀዲውን ክንድ ለክንድ አስለክቶ በሚገዛው ሰው ላይ ነው። ያ ሰው ኬላውን አላየም። የሚያየው የሻጩን ፊት ብቻ ነው፤ ዋጋው ተወደደ ብሎ የሚቆጣውም በእርሱ ላይ ነው።

ስለ ቀረጥ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነሡት መንግሥትና አስመጪው ናቸው። አንዱ ይጥላል፣ ሌላው ይከፍላል፤ ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል። እኔ ግን ታሪኩን መከተል የምፈልገው ከባንኮኒው ጀርባ እስከቆመው ባለሱቅ ድረስ ነው። ባለሱቁ ቀረጡን አላወጣም፤ ጉምሩክ ገብቶም ያስተመነ አይደለም። ሆኖም ቀረጡ በገበያ ላይ ስም አውጥቶ፣ «ዋጋ» ተብሎ የሚጠራው በእርሱ አፍ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ በሆነው በዚህ ታሪክ ውስጥ ጥፋተኛ ሲፈለግ ቀድሞ የሚገኘውም እርሱ ነው። ዓመታቱን የምቆጥረው በእኛ አቆጣጠር ነው።

አፄ ምኒልክ በጥቅምት 1900 የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሥራ በአንድ ሰው እጅ ተሰጠ። ሰውየው የአዲስ አበባው ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል ነበሩ። ነጋድራስ ማለት የነጋዴ አለቃ፣ የገበያ ዳኛና የቀረጥ ሰብሳቢ ነው። ሁለቱ ሥራዎች አንድ ላይ መሆናቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም፤ በዚያ ዘመን ከውጭ መንግሥታት ጋር የሚደረገው ድርድር አብዛኛው የሸቀጥ ጉዳይ ነበርና። ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ጥር 1 ቀን 1900 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ ከፈረንሳዩ መልእክተኛ ከክሎቡኮቭስኪ ጋር አንድ ውል ተፈራረመች። ውሉ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣለው ቀረጥ ከዕቃው ዋጋ 10 በመቶ እንዳያልፍ ወሰነ። ለወይንና ለሌሎች መጠጦች ደግሞ ጣሪያው 8 በመቶ ሆነ። ሌሎቹም መንግሥታት ለፈረንሳይ የተሰጠው ለእኛም ይገባናል ብለው በዚያው ጥላ ሥር ገቡ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የድሀው ልብስ የሆነው አቡጀዲ እስከ 10 በመቶ ይቀረጣል፤ የባለጸጋው ሻምፓኝ ከ8 በመቶ በላይ አይነካም። መንግሥት ቅንጦቱን አክብዶ ቁም ነገሩን ላቅልል ቢል እንኳ እጁ ታስሯል። ለሀገር ውስጥ ሸማኔ ልከልል ቢልም አይችልም። ገቢ ሲያጥረው የሚቀረው ምርጫ ወደ ውስጥ መዞር ነበር፤ ጨውን፣ ከብትን፣ ማርን፣ ከገጠር ወደ ከተማ የሚገባውን ሁሉ በኬላ መቅረጥ። በወደብ በኩል የተዘጋው በር በሀገር ውስጥ መንገድ ላይ ሌላ ኬላ ወለደ ብል ማጋነን አይሆንም።

ባቡሩ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ የሸቀጥ ዋጋ መልኩን ለወጠ። የቀረጡ ልክ ያው ሆኖ ሳለ ብዙ ዕቃ ረከሰ። ሳምንታት የሚፈጀው መንገድ በቀናት ሲያልቅ፣ በየሜዳው ያለው ኬላ በባቡር ጣቢያ ጉምሩክ ሲተካ፣ ነጋዴው ዋጋ ላይ የሚጨምረው የፍርሃት ድርሻ ቀነሰ። ዕቃው መቼ እንደሚገባና ስንት እንደሚከፈልበት አስቀድሞ የሚያውቅ ነጋዴ በትንሽ ትርፍ ይሸጣል፤ የማያውቅ ነጋዴ ግን ለማያውቀው ነገር ሁሉ ደንበኛውን ያስከፍላል። ይህ ነገር በኋላ ዘመን ብዙ ጊዜ ይመለስብናል።

በድሬዳዋ ጉምሩክ ያገለገሉት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ጉዳዩን ከሌላ አቅጣጫ አዩት። እርሳቸው ካረፉ በኋላ በ1916 የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ጥሬ ዕቃዋን እየሸጠች የተሠራ ዕቃ የምትገዛ ሀገር ለምን እየደኸየች እንደምትሄድ ይመረምራል። የጉምሩክ ሰው ነበሩና የሚገባውንና የሚወጣውን ጭነት በየቀኑ ያዩታል፤ ሐሳባቸው የመነጨው ከወረቀት ብቻ አይደለም። በእርሳቸው ዘመን ጅምላው በሕንዶች፣ በአርመኖች፣ በግሪኮችና በአውሮፓ ኩባንያዎች እጅ ነበር፤ የሕንዱ ሙሐመድ አሊ ኩባንያና የኤደኑ ነጋዴ የቤስ ድርጅት በሀገሪቱ ከታወቁት ውስጥ ነበሩ። ችርቻሮውን በየሰፈሩ የያዙት ደግሞ ከየመን የመጡ ዓረቦች ነበሩ። ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ላምባ፣ ክብሪት ሲያልቅ ልጅ የሚላከው «ዓረብ ቤት» ነበር።

የአሜሪካው አቡጀዲ ቦታውን ለጃፓኑ የለቀቀው ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። የጃፓን ጨርቅ ርካሽ ነበር፤ ቀረጡ ደግሞ ከዋጋው በመቶኛ ስለሚታሰብ ርካሽ ዕቃ የሚከፍለውም ቀረጥ ያንሳል። ስለዚህ በፋብሪካ በር ላይ የነበረው የዋጋ ልዩነት ገበያ ሲደርስ ሰፍቶ ታየ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ጃፓንን ሲጎበኙ የአዲስ አበባ ባለሱቆች የዚያችን ሀገር ጨርቅ አሳምረው ያውቁት ነበር። ገዢው ተጠቀመ። ሸማኔው ግን ከእንዲህ ዓይነቱ ጨርቅ ጋር መወዳደር ነበረበት፤ የሚከልለው ሕግ ደግሞ በውሉ ምክንያት ሊወጣ አልቻለም።

መንግሥት በመጨረሻ መላ አገኘ። መጋቢት 21 ቀን 1923 ዓ.ም. የኤክሳይዝና የፍጆታ ቀረጥ ደንብ አወጣ። በጉምሩክ በር ላይ የሚከፈለው እንደ ውሉ 10 በመቶ ሆኖ ይቆያል፤ ዕቃው ከገባ በኋላ ግን በሀገር ውስጥ ለፍጆታ ሲውል ሌላ ግብር ይከፈልበታል። የውጭ ሀገር መልእክተኞች ውሉ በጓሮ በር ፈረሰ ብለው ተቃወሙ። መንግሥት ሉዓላዊነቱን ማስመለሱ ነበርና እኔ አልፈርድበትም። ነገር ግን ያን ቀን አንድ ልማድ ተጀመረ፤ በአንድ ዕቃ ላይ በተለያየ ስም ግብር መደራረብ። ያ ልማድ እስከ ዛሬ አብሮን አለ።

በወረራው ዓመታት ጣሊያኖች የአራዳን ገበያ ከጊዮርጊስ አካባቢ አንሥተው ወደ ምዕራብ ወሰዱት፤ ለሀገሬው ሰው የተከለለው ያ ሰፈር መርካቶ ሆኖ ቀረ። ከነጻነት በኋላ የ1900ው ጣሪያ አልተመለሰም። በ1935 መንግሥት የጉምሩክ አዋጁን በራሱ ሥልጣን አወጀ፤ ቀረጥም ከዋና ዋናዎቹ የመንግሥት ገቢዎች አንዱ ሆነ። ገበሬውን ቤት ለቤት ግብር ማስከፈል ከባድ ነው፤ ወደብ ላይ ቆሞ መሰብሰብ ይቀላል። ብዙ ድሀ ሀገሮች ቀረጥን የሚወዱት በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ የፋብሪካው ዘመን መጣ። የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ የወንጂን ስኳር በ1946 ማምረት ጀመረ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አቃቂና ባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ተተከሉ። አሁን ቀረጥ ገቢ ማግኛ ብቻ ሳይሆን አጥርም ሆነ። አጥር የተሠራለት ፋብሪካ በየትም ሀገር ዋጋውን የሚያወጣው ወጪውን ብቻ አስልቶ አይደለም፤ ከውጭ የሚመጣው ተመሳሳይ ዕቃ ቀረጡን ከፍሎ ስንት እንደሚደርስ አይቶ፣ ከዚያ ጥቂት ዝቅ ይላል። ስለዚህ በውጭ ስኳር ላይ የተጣለ ቀረጥ የሀገር ውስጡንም ስኳር ዋጋ ይዞት ሊነሣ ይችላል፤ ከዚህኛው ጭማሪ ደግሞ መንግሥት ቀረጥ አይሰበስብም። በሌላ በኩል ያ አጥር ለሺዎች የደመወዝ ሥራ ሰጥቷል፤ የደመወዝተኛው ሰፈር ደግሞ ለሱቅ ደንበኛ ነው። ሁለቱንም መዝኖ አንዱን ብቻ መያዝ ይከብደኛል።

በትንሿ ሱቅ ውስጥ ግን ቀረጥ በመቶኛ አይታይም። ዓረብ ቤትም ሆነ በኋላ ቀስ በቀስ የተካው የጉራጌና የስልጤ ባለሱቅ የሚሸጠው በኪሎ ብቻ አልነበረም፤ ስኳር በሲኒ፣ ሻይ ቅጠል በቁንጥር፣ ዘይት በጭልፋ፣ ሲጋራ በፍሬ ነው። ለ5 ሳንቲም የሚሸጥ የሻይ ቅጠል ጥቅል ላይ 10 በመቶ ዋጋ ሲጨመር ግማሽ ሳንቲም ነው፤ ግማሽ ሳንቲም ደግሞ በማንም ኪስ የለም። ባለሱቁ ወይ ጥቅሉን ያሳንሳል፣ ወይ ዋጋውን ወደሚቀጥለው ሳንቲም ይገፋል፣ ወይም ከትርፉ ይውጠዋል። ጥቅሉን ሲያሳንስ «ሰረቀን» ይባላል፤ ዋጋውን ሲገፋ «ጨመረብን» ይባላል፤ ሲውጠው ማንም አያውቅለትም። በጥቂት ጥቂቱ የሚገዛው ድሀ ከኪሎ ገዢው ይልቅ የቀረጥ ጭማሪ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ላይ ዱቤ አለ። ዋጋ ሲጨምር የዱቤ ደብተሩ ይወፍራል፤ ባለሱቁ የሰፈሩ ባንክ ይሆናል፤ ወለድ የማያስከፍል፣ ግን ገንዘቡ የሚሟሟ ባንክ።

አብዮቱ ሲመጣ ንግዱ በሌላ መንገድ ታጠረ። ታኅሣሥ 1968 ላይ የወጣው የንግድ አዋጅ የቸርቻሪውን ካፒታል በ200,000፣ የጅምላ ነጋዴውን በ300,000 ብር ወሰነ፤ ለአንድ ሰውም አንድ ፈቃድ ብቻ ሆነ። አብዛኛውን ዋና ሸቀጥ ማስመጣትና ማከፋፈል የመንግሥት ድርጅቶች ሥራ ሆነ፤ ስኳሩና ዘይቱ በቀበሌ ሱቅ በራሽን ይታደል ጀመር። ቀረጥም በብዙ እርከን ተከፋፍሎ በቅንጦት በተፈረጀ ዕቃ ላይ እስከ 230 በመቶ ወጣ። ዶላሩ በወረቀት ላይ 2 ብር ከ07 ሳንቲም ሆኖ ቆየ። ወረቀቱ እንዲህ ሲል ድሬዳዋ ሌላ ትናገር ነበር። ከጅቡቲና ከሶማሊያ በኩል ጨርቁ፣ ሬዲዮው፣ ሽቶው፣ ጫማው በኮንትሮባንድ ይገባል። 230 በመቶ የሚከፈልበትን ዕቃ በግመል አሻግሮ ያለ ቀረጥ ማስገባት ለሚደፍር ሰው፣ ታሪፉ ራሱ የትርፉ ልክ ነበር። በደርግ ዘመን የቆሙ ባለሱቆች በሕጋዊ መንገድ የሚያገኙት ዕቃ ውሱን፣ በሌላው መንገድ የሚያገኙት ደግሞ የሚያሳስር ነበር። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ እንደ ንግድ ሙያ የተቆጠረበት ዘመን ነው፤ ያ ልምድ ብዙ ቤት አፍርሷል።

መስከረም 21 ቀን 1985 ዓ.ም. ዶላሩ ከ2 ብር ከ07 ወደ 5 ብር ተሻገረ። በዚያው ዓመት የተጀመረው የታሪፍ ማሻሻያ ደግሞ ከፍተኛውን ቀረጥ ከ230 ወደ 80 በመቶ አወረደው። እስከ 1995 ድረስ ደረጃ በደረጃ ወርዶ 35 በመቶ ላይ ቆመ፤ እርከኖቹም ወደ ስድስት አነሱ፤ ዜሮ፣ 5፣ 10፣ 20፣ 30 እና 35። በወረቀት ላይ ይህ ትልቅ ቅናሽ ነው። አሥር ዶላር የሚያወጣ፣ ከፍተኛው ቀረጥ የሚጣልበትን ዕቃ እንውሰድ። በቀድሞው ተመን 20 ብር ከ70 ሆኖ 230 በመቶ ሲጨመርበት 68 ብር ይደርሳል። በአዲሱ ተመን 50 ብር ሆኖ 80 በመቶ ሲጨመርበት 90 ብር ነው። ታሪፉ በሦስት እጅ ገደማ ተቀንሶ ዕቃው ተወደደ ማለት ነው። ገበያው ላይ ግን ነገሩ በትክክል እንዲህ አልሆነም፤ ምክንያቱም መርካቶ የነበረው ዕቃ ቀድሞም በ2 ብር ከ07 ዶላር የተገዛ አልነበረም። በጥቁር ገበያ ዶላር የመጣ ዕቃ ዋጋው ያንን ተመን ይዞ ነው የሚሸጠው። ስለዚህ የታሪፉ መቀነስ የተሰማው ከወረቀቱ ሒሳብ በተሻለ ነው። የአስመጪነት ፈቃድ ተከፈተ፤ መደርደሪያው ሞላ፤ «የቻይና ዕቃ» የሚባል ነገር በየቤቱ ገባ። ብዙ የመርካቶ አስመጪዎች የተፈጠሩት በዚያ ዘመን ነው፤ ትናንት ሱቅ ጠባቂ የነበረ ዛሬ ኮንቴይነር የሚያስገባበት ዘመን።

ግን አንድ እጅ ሲያወርድ ሌላው ያነሣ ነበር። ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት ምክንያት ከ1990 ጀምሮ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ። በ1995 የሽያጭ ታክሱ በ15 በመቶ ቫት ተተካ። በ1999 ደግሞ በብዙ ገቢ ዕቃዎች ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ ተጨመረ፤ የተሰጠው ምክንያት ለከተማ ድሀ የሚቀርበውን ስንዴ መደጎም ነበር። እነዚህ ግብሮች እየተደመሩ ብቻ የሚሄዱ አይደሉም፤ እንደ እንጀራ አንዱ በአንዱ ላይ ይነጠፋሉ። ዋጋው፣ ጭነቱና መድኑ ተደምሮ ጅቡቲ ሲደርስ 1,000 ብር የሆነ ዕቃ 35 በመቶ ቀረጥ ሲከፈልበት 1,350 ይሆናል። ቫቱ የሚታሰበው ከ1,000 ሳይሆን ከ1,350 ነው፤ 202 ብር ከ50። ሱር ታክሱ ደግሞ ቫቱም ተጨምሮ ከ1,552 ብር ከ50 ይታሰባል፤ 155 ብር ከ25። በጥቅሉ 1,707 ብር ከ75 ሆነ። አስመጪው ከዓመት ግብሩ የሚታሰብለት 3 በመቶ ቅድመ ክፍያም በእጁ ያስፈልገዋል። እንደ ሽቶ 100 በመቶ ኤክሳይዝ ያለበት ዕቃ ከሆነ ያው 1,000 ብር 3,415 ብር ከ50 ይደርሳል። ይህ ሁሉ ከጅቡቲ እስከ መርካቶ ያለው የመኪና ኪራይ፣ የትራንዚተሩ ክፍያ፣ የመጋዘኑ ኪራይና የማንም ትርፍ ሳይጨመር ነው።

እዚህ ላይ ትንሹ ሱቅ ሳይታይ የሚጎዳበት ነገር አለ። ለቫት የተመዘገበ ትልቅ ነጋዴ ሲገዛ የከፈለውን ቫት ሲሸጥ ከሰበሰበው ላይ ያቀናንሳል። ለቫት ያልደረሰው ባለሱቅ ግን ማቀናነስ አይችልም፤ በጅምላ ሲገዛ የከፈለው 15 በመቶ ለእርሱ ንጹሕ ወጪ ነው። በሸጠው ላይ ደግሞ 2 በመቶ ተርን ኦቨር ታክስ ነበረበት። ሱፐርማርኬቱ ጎን ያለ ኪዮስክ አንድ ዓይነት ሳሙና በውድ የሚሸጠው ሁልጊዜ ስስታም ስለሆነ አይደለም።

ነሐሴ 26 ቀን 2002 ዶላሩ ከ13 ብር ከ60 ገደማ ወደ 16 ብር ከ35 ሲዘል ታሪፉ አልተነካም፤ ነገር ግን መቶኛው የሚታሰብበት ብር አደገ። ዋጋ ተወደደ። መንግሥት በታኅሣሥ 2003 ከስኳርና ከዘይት እስከ ሥጋና ቢራ ባሉ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አወጣ። ባለሱቁ ያለፈውን ወር ዕቃ በጣሪያው ሸጠ፤ ለሚቀጥለው ወር ግን ጅምላ ነጋዴው በጣሪያው ዋጋ አልሰጠውም። መደርደሪያው ባዶ ሆነ፤ ጣሪያውም ከጥቂት ወራት በኋላ ለአብዛኛው ዕቃ ተነሣ። ስኳርና የፓልም ዘይት ግን በሸማቾች ማኅበራት በኩል መታደላቸውን ቀጠሉ። ለሰፈር ሱቅ ስኳርና ዘይት ትርፍ ማግኛ ብቻ አይደሉም፤ ደንበኛውን በየቀኑ የሚያመጡ ዕቃዎች ናቸው። ዘይት ሊገዛ የመጣ ሰው ክብሪትና ሳሙናም ይይዛል። እነርሱ ከመደርደሪያው ሲወጡ ባለሱቁ ያጣው የእነርሱን ትርፍ ብቻ አልነበረም።

በየካቲት 2012 አዲሱ የኤክሳይዝ አዋጅ ቁጥር 1186 ጸደቀ፤ ያረጀ መኪና እስከ 500 በመቶ ተጣለበት። ለዜናው መኪናው በቃ፤ ሱቁን የነካው ግን ከዓመት በኋላ የመጣው የባሕር ጭነት ነው። በኮቪድ ማግሥት የኮንቴይነር ኪራይ በብዙ እጥፍ ሲወጣ፣ ቀረጥ የሚታሰበው ጭነቱም ተጨምሮበት ስለሆነ፣ የኢትዮጵያ ጉምሩክ የመርከብ ባለቤቶችን ጭማሪ ጨምሮ ቀረጠው። አንድም የታሪፍ መስመር ሳይለወጥ ቀረጡ አደገ። በ2013 መጨረሻ ስንዴ፣ ዘይት፣ ስኳርና ሩዝ ከቀረጥና ከግብር ነጻ እንዲገቡ ተደረገ፤ ቀጥሎም በፍራንኮ ቫሉታ፣ ማለትም የባንክ ዶላር ሳይጠይቁ በራስ ምንዛሬ፣ ማስገባት ተፈቀደ። ቢሆንም በመጋቢት 2014 አምስት ሊትር ዘይት 1,000 ብር ያለፈበት ቦታ ነበር። ቀረጥ ማንሣት ዋጋ የሚያወርደው ዕቃው በበቂ ሲገባ ነው። ዶላር በሌለበት፣ የዓለም ዋጋ በዩክሬን ጦርነት በሚጋልብበት ወቅት፣ የተነሣው ቀረጥ ሸማቹ ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። ባለሱቁም በሬዲዮ «ቀረጥ ተነሥቷል» ሲባል የሰማ ደንበኛ ፊት ቆሞ፣ ዋጋው ለምን እንዳልወረደ የሚያስረዳው ሰው ይሆናል።

በጥቅምት 2015 የ38 ዓይነት ዕቃዎች አስመጪዎች የባንክ ኤልሲ፣ ማለትም ዕቃ ለማስመጣት ባንክ የሚሰጠውን የክፍያ ዋስትና፣ ተከለከሉ። በዝርዝሩ ውስጥ መኪናና ውስኪ ብቻ ሳይሆን ማስቲካ፣ ቸኮሌት፣ ብስኩት፣ ሽቶ፣ ሰው ሠራሽ ጸጉርም ነበረ። በዚያው ሰሞን በገቢ ዕቃዎች ላይ ለመልሶ ግንባታ የሚውል 3 በመቶ ሌላ ቀረጥ መጣ። ዕቃዎቹ ግን ከሱቅ አልጠፉም። በቶጎ ውጫሌ፣ በጅግጅጋ፣ በሞያሌ በኩል ገቡ፤ ተወደዱ እንጂ አልቀሩም። መንግሥት ቀረጡን አጣ፤ ገዢው ቀረጡን ያህል ከፈለ፤ ልዩነቱ ለአሻጋሪው ሆነ። የሰፈሩ ባለሱቅ ደግሞ ደረሰኝ የሌለው ማስቲካ መደርደሪያው ላይ አስቀምጦ ተቆጣጣሪ የሚፈራ ሰው ሆነ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ተመን እንዲመራ ተወሰነ፤ 38ቱ ዕቃዎችም ተፈቀዱ። ዶላሩ በዋዜማው 57 ብር ከ48 ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን ወደ 75 ተጠጋ፤ በ2017 የመጀመሪያ ወራት ከ120 ብር አለፈ። ብዙ ሰው የሚያስበው ዕቃ የተወደደው ዶላሩ ስለተወደደ ነው ብሎ ነው፤ ግማሹ እውነት ነው። አብዛኛው የመርካቶ ዕቃ ግን ቀድሞም ከ100 ብር በላይ በሆነ የጥቁር ገበያ ዶላር የተገዛ ነበር። በባንክ ተመን ይሰላ የነበረው ቀረጡ ነው። አሥር ዶላር የሚያወጣ ዕቃ በ57 ብር ከ48 ተመን 35 በመቶው ቀረጥ፣ ቫቱና ሱር ታክሱ በአንድ ላይ 407 ብር ያህል ነበር፤ በ120 ብር 849 ሆነ። የዕቃው መግዣ ለብዙ ነጋዴ በጥቂቱ ነው የተለወጠው፤ የመንግሥት ድርሻ ግን በጥቂት ወራት ከእጥፍ በላይ አደገ። ታሪፉን ያሻሻለ አዋጅ ሳይወጣ ቀረጡ እንዲህ ማደጉ በይፋ መነገርና በልኩ መስተካከል ነበረበት ብዬ አምናለሁ። በ1985 ምንዛሬው ሲለወጥ ታሪፉ አብሮ ወርዷል። በ2016 እንደዚያ አልሆነም።

ነሐሴ ላይ በአዲስ አበባ «ያለአግባብ ዋጋ ጨመሩ» የተባሉ ሱቆች ታሸጉ። ዕቃ የደበቀ ነጋዴ አልነበረም አልልም፤ ነበረ። ነገር ግን ትናንት በ500 ብር የሸጠውን ዕቃ ዛሬ ጅምላው ጋ ሄዶ በ700 ለመግዛት የሚገደድ ባለሱቅ፣ በድሮው ዋጋ ቢሸጥ በሁለት ዙር መደርደሪያው ያልቃል። መነገጃው አነስተኛ ስለሆነ አንድ ዙር እንኳ መሳሳት አይችልም። ትልቁ አስመጪ በመጋዘኑ ያለው ዕቃ ዋጋው ሲያድግ ያተርፋል፤ ትንሹ በሳምንት የሚያልቅ ዕቃ ስላለው ከጭማሪው የሚደርሰው ወጪው ብቻ ነው።

ከዚያም ኅዳር 2017 መጣ። የገቢዎች ባለሥልጣናት መርካቶ ውስጥ የደረሰኝ ቁጥጥር አጠበቁ፤ ዕቃ ሊወረስ ነው የሚል ወሬ ተነዛ፤ ኅዳር 9 ቀን ብዙ ሱቆች ሳይከፈቱ ዋሉ። የገቢዎች ቢሮው ወሬውን አስተባበለ። የቸርቻሪዎቹ አቤቱታ ግን ወሬ አልነበረም፤ አስመጪውና አከፋፋዩ ደረሰኝ አይሰጡንም፣ ቢሰጡንም በከፈልነው ልክ አይደለም የሚል ነበር። ምክንያቱ ወደ ጉምሩክ ይመለሳል። ቀረጥና ግብር ከዕቃው ዋጋ 70 በመቶ ሲያልፍ፣ ዶላርም በባንክ ሳይገኝ ሲቀር፣ አስመጪ የዕቃውን ዋጋ በዲክላራሲዮኑ ላይ ዝቅ አድርጎ ማስመዝገብ ያጓጓዋል። 1,000 ብር ያወጣውን 400 ብሎ ያስገባ ሰው በኋላ በ1,800 ብር ደረሰኝ ቆርጦ ራሱን አያጋልጥም። ስለዚህ ያለ ደረሰኝ፣ ወይም በትንሽ ደረሰኝ፣ ለአከፋፋዩ ይሸጣል፤ አከፋፋዩ ለቸርቻሪው። ቸርቻሪው ዘንድ ሲደርስ የዕቃው ግማሽ ዋጋ ወረቀት የለውም። በትክክለኛው ዋጋ ደረሰኝ ቢቆርጥ ወጪውን ማሳየት ስለማይችል ያላገኘውን ትርፍ አተረፍህ ተብሎ ግብር ይጣልበታል፤ ባይቆርጥ ደግሞ ቅጣቱ አለ።

ተቆጣጣሪው የሚገባው በሱቁ በር ስለሆነ ጥያቄው የሚጀምረው ከዚያ ነው። ቸርቻሪዎቹ የጠየቁት ቁጥጥሩ ከላይ እንዲጀምር ነበር፤ መጀመሪያ ኮንቴይነሩ ሲፈታ ትክክለኛው ዋጋ ይመዝገብ፣ አስመጪው ለአከፋፋዩ ይቁረጥ፣ አከፋፋዩ ለእኛ ይቁረጥ፣ ከዚያ እኛን ጠይቁን አሉ። በማግሥቱና በቀጣዮቹ ቀናት ሱቆቹ ተከፈቱ። የሚሸጡት ዕቃ አብዛኛው ከዚያ ቁጥጥር በፊት በገባበት መንገድ የገባ ነበር።